አዲስ ሴለሮን ወይስ ዩዝድ ኮር አይ5? ለኮዬ ፈጬዋ የሂሳብ ሠራተኛ

ጥያቄው፦ «ሰላም ወንድሜ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤት ሆኜ ለትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ እሠራለሁ፤ ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ኢ-ታክስ፣ አንዳንዴም በፓወር ግዕዝ ደብዳቤ። ላፕቶፔ ኤችፒ 15 ነው፣ ኮር አይ3፣ 7ኛ ጀነሬሽን፣ 4 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። በ2011 አዲስ ነው የገዛሁት። አሁን እስኪከፈት ቡናዬ ይፈላል። ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ታችፓዱም ትንሽ ከፍ ብሎ አልጫን ይላል። መገናኛ አንድ ሱቅ አዲስ ሴለሮን፣ 4 ጂቢ ራም፣ 128 ጂቢ፣ ከነካርቶኑ አሳዩኝ። በዚያው ብር ዩዝድ ኮር አይ5ም አለ፣ ግን ዩዝድ እፈራለሁ። ባለቤቴም አዲስ ይሻላል ነው የሚለው። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ ሰላም። ምርጫውን ትንሽ እናቆየውና መጀመሪያ ስለ ታችፓዱ እናውራ። በመሀል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው እሱ ነው እኔን ያሳሰበኝ። እንዳንቺ ባለው ኤችፒ ባትሪው የሚቀመጠው እጅሽን ከምታሳርፊበት ቦታ ሥር ነው። ታችፓዱ ከፍ ካለና አልጫን ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ እየገፋው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል። እንዲህ ያለ ባትሪ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ማደር የለበትም፣ አልጋ ላይና ልጆች የሚተኙበት ክፍል ደግሞ በጭራሽ። «ጫን ብናደርገው ይመለሳል» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው፤ ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል። ዛሬውኑ አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ነገ ጠጋኝ ጋ ወስደሽ ባትሪውን አስወጪ። ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ትሠሪበታለሽ፣ አሁንም ያው እንደዚያ ነው እየሠራሽ ያለሽው። የወጣውን ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪ፣ ለቆራሌውም አትስጪ። ጠጋኙ ጋ ይቅር።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። ሴለሮኑን አትግዢ።

ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ አልተላጠም፣ ጠረኑም ደስ ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ሴለሮን ማለት የኢንቴል ርካሹ ፕሮሰሰር፣ የላፕቶፑ አንጎል፣ ነው። በዚህ ደረጃ በብዛት የሚሸጡት ኤን4020 ወይም ኤን4500 የሚባሉ ናቸው። ሁለት ኮር፣ ሁለት ትሬድ። ኮር ሠራተኛው ነው በዪው፣ ትሬድ ደግሞ በአንዴ የሚይዘው የሥራ መስመር። ያ ያማረርሽበት አይ3 እንኳን ሁለት ኮር ከአራት ትሬድ ጋር አለው። ስለዚህ በፕሮሰሰር በኩል ያን ሁሉ ብር ከፍለሽ እዚያው ባለሽበት ቆምሽ ማለት ነው።

128 ጂቢ የተባለውም አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚዞር ሳህን የሌለው ፈጣኑ ማስቀመጫ፣ አይደለም፣ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ነው። እሱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ከኤስኤስዲ ይዘገያል፣ ሲሞላ በትልቅ ልቀይረው ብትዪ አይነቀልም፣ ሲሞት ደግሞ ከነማዘርቦርዱ ነው ጣጣው። 4 ጂቢ ራሙም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ብየዳ ነው። ሻጩ «ዊንዶውስ 11 ነው» ብሎሽ ይሆናል። እሱ የጉልበት ምልክት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ስቶሬጅ ይላል። ቢያንስ ማለት መክፈቱን ይከፍታል ማለት ነው። ፒችትሪ ከፍተሽ፣ ሁለት ኤክሴል ደርበሽ፣ ክሮም ላይ ኢ-ታክስና ኢሜይል ይዘሽ ስትሠሪ ግን ቡናው አሁንም ይፈላል። ሴለሮን ለማንም አይሆንም እያልኩ አይደለም፤ ፊልም ለሚያይና ደብዳቤ ለሚጽፍ ይሆናል። ለሰው ሂሳብ ግን አይሆንም።

ዩዝድ መፍራትሽ ትክክል ነው። ግን ዩዝድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ የሰው የቤት ላፕቶፕ ነው፣ ልክ እንዳንቺው ሲጎተት የኖረ፣ እሱን ተዪው። ሌላው ውጭ አገር ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ከጥቂት ዓመት በኋላ በጅምላ የሚያስወግዱት ነው፤ ወደ እኛም በዱባይም በሌላም መንገድ ይገባል። የኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ የሚባሉት ናቸው። አዲስ እያሉ ዋጋቸው ያንቺን ኤችፒ 15 እጥፍና ከዚያም በላይ ነበር። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው። አብዛኞቹ ላይ ራሙ ይጨመራል፣ ኤስኤስዲው ይቀየራል፣ ባትሪው በብሎን ነው የሚፈታው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብዬ የምጠግነው ሰው ስለሆንኩ ትንሽ አዳላለሁ መሰለኝ፤ ከፍቼ የማልፈራቸው እነዚህን ነው። ኪቦርድም ባትሪም ስፈልግ የእነሱ መለዋወጫ አይጠፋም።

ጀነሬሽን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ላይ ግን ድርድር የለም፤ ከ8ኛ በታች አትግዢ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። ያንቺው 7ኛ በአንድ ደረጃ ነው የቀረው፣ ያናድዳል። በጓሮ በር 11 የሚጭኑ ልጆች አሉ፣ ግን የደንበኛ ሂሳብ በተቀመጠበት ማሽን ላይ እኔ አላደርገውም። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል። እስከ 7ኛ ጀነሬሽን ድረስ በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ የሚገባው አይ5 ሁለት ኮር ነበር፣ አይ7 እንኳን ሳይቀር። 8ኛ ላይ በአንዴ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ሆነ። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ እኮ ኮር ሰባት ነው!» ብሎ የ6ኛ ጀነሬሽን አይ7 ቢያወጣልሽ፣ ከጎኑ ያለው የ8ኛው አይ5 ይበልጠዋል። ገበያ ውስጥ በጣም የሚሠራ ማታለያ ይሄ ነው፤ «ሰባት» የምትለዋ ቁጥር ብቻዋን ትሸጣለች።

የፕሮሰሰሩን ስም ራስሽ አንብቢ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት። አይ5 ካለ በኋላ ከሰረዟ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ዋናው። 8250 ወይም 8350 ካለ 8ኛ ነው። 10210 ካለ 10ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ። 7200 ወይም 7300 ካለ አመስግነሽ ውጪ። ሞዴሉን ብቻ አይተሽ አትመኚ፤ ላቲቲዩድ 5490 ለምሳሌ በ7ኛም በ8ኛም ጀነሬሽን ተሠርቷል፣ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። የአሁኑ ኤችፒ 15 በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ አለው፣ ጣትሽም እሱን ለምዷል። ገበያ ላይ የሚበዙት ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ላቲቲዩድ 7490፣ ቲንክፓድ ቲ480 ባለ 14 ኢንች ናቸው። የቁጥር ሰሌዳ የላቸውም። ሱቅ ውስጥ አይታወቅሽም፣ ቤት ገብተሽ የመጀመሪያውን ቫውቸር ስትመቺ ነው የምትናደጂው። ስለዚህ ባለ 15.6 ኢንች ጠይቂ፦ ላቲቲዩድ 5590፣ ፕሮቡክ 450 ጂ5 ወይም 650 ጂ4፣ ቲንክፓድ ቲ580። ካልተገኘና 14 ኢንቹ ጥሩ ከሆነ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ገዝተሽ ጨምሪ። ስክሪኑም 1920 በ1080 ይሁን። 1366 በ768 የሆኑት ርካሽ ይባላሉ፣ ግን ኤክሴል ላይ ዓምዶቹ አይበቁሽም፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ጎን ስትጎትቺ ነው የምትውዪው።

ራም 8 ጂቢ ዝቅተኛው ነው፣ 16 ካገኘሽ ውሰጂ። ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ወጥቷል፣ ፋብሪካዎቹ ለኤአይ ዳታ ሴንተሮች ማቅረቡን ስላስቀደሙ። «8 ይዤ በኋላ እጨምራለሁ» የሚለው ሒሳብ እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ኤስኤስዲ 256 ጂቢ ይበቃሻል። ዋጋ በቁጥር የማልጽፍልሽ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ፣ የምንዛሪው ተመን በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ማለቴ ነው፣ የላፕቶፕ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ስለሚራመድ ነው። ዛሬ የጻፍኩት ከርሞ ያሳስትሻል።

ከኮዬ መገናኛ መመላለስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አንዴ ስትሄጂ ጊዜ ይዘሽ ሂጂ። በቴሌግራም «ቀብድ ላኪ፣ ይቀመጥልሻል» የሚልሽ ካለ አትላኪ። በቀን ሂጂ፣ ስልክሽ ላይ ዳታ ይኑር፣ ፍላሽ ያዢ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ከጠበቀሽ አስጠፊውና እንደገና ከዜሮ ይከፈት፣ አነሳሱን እዪ።

መጀመሪያ ባትሪ። «ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም አራት ሰዓት ነው የሚልሽ። «ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በዪው። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው ገጽ ነው፣ የሚያውቅ ሻጭ ወዲያው ያወጣዋል። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አሁን የቀረው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 40,000 ከሆነ 80 በመቶ ቀርቶታል፣ ጥሩ ነው። ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ወይ ባትሪ ይቀየርልሽ ወይ ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀር ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን። ሜሞሪ ላይ ራሙ ስንት እንደሆነና ስንቱ ቦታ እንደተያዘ ይነግርሻል፤ «ከ2 ቦታ 1 ተይዟል» ዓይነት ነገር ካየሽ ሌላው ክፍት ነው ማለት ነው። ዲስክ ላይ ኤስኤስዲ ይበል። ከዚያ ኖትፓድ ከፍተሽ ሁሉንም ቁልፍ ተራ በተራ ምቺ፣ የቁጥር ሰሌዳውን በተለይ። ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሞልቶ ይከፈት፣ ጥቁር ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ ካለ ያኔ ነው የሚታይሽ። ፍላሹን በሁሉም የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሪ። ከስልክሽ ዋይፋይ ስጪው፣ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ክፈቺና እየተጫወተ እያለ ክዳኑን ወዲያ ወዲህ አድርጊ፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ የስክሪን ገመድ ወይም ማጠፊያ ችግር አለ። ቪዲዮው ትንሽ ይቆይ፣ ፋኑን ስሚ። ሻጩ ሲሰለች ግድ አይስጥሽ፣ ብሩ ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስጨንቂ። እነዚህ የድርጅት ማሽኖች ስለሆኑ አንዳንዶቹ ተቆልፈው ይመጣሉ። ሲነሳ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ተጭነሽ ባዮስ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ውስጥ ግቢ። ፓስዎርድ ከጠየቀሽ ተዪው። ሌላው ደግሞ ይብሳል፦ አንዳንዱ ማሽን ዛሬ በደንብ ይሠራል፣ አንድ ቀን ፎርማት ተደርጎ ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን የማታውቂውን የውጭ ድርጅት ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል አስገቢ ይልሻል። ያ ድርጅት ከዝርዝሩ ያላወጣው ነው፣ እኛም ጠጋኞቹ በአግባቡ ልንፈታው አንችልም። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ፣ ወይም ሻጩ በሚሰጥሽ የዋስትና ወረቀት ላይ፣ «የድርጅት ቁልፍ ቢመጣ ይቀየራል» ብሎ ይጻፍልሽ። መጻፍ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል። ዊንዶውሱም አክቲቬትድ መሆኑን ሴቲንግ ውስጥ እዪ። የድርጅት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ሕጋዊ ፈቃዱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ክራክ፣ ያለ ፈቃድ ማስከፈቻውን፣ የሚጭንልሽ ሰው አያስፈልግሽም። ከክራክ ጋር ምን ተሸክሞ እንደሚገባ አይታወቅም፣ አንቺ ደግሞ የሰው ደመወዝና የሰው ግብር ነው የያዝሽው።

መብራት። እኛ ሰፈር ይሄ ጉዳይ ከፕሮሰሰር እኩል ነው። ቲንክፓድ ቲ480 እና ቲ580 የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ ሁለት ባትሪ አላቸው፣ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከሥር በእጅ የሚነቀል። ውስጠኛው እየሠራ እያለ የውጭውን ነቅለሽ ሌላ ሙሉ መሰካት ትችያለሽ፣ ማሽኑ አይጠፋም። ከሚነቀለው ሌላ አንድ መለዋወጫ ባትሪ ካለሽ ከሰዓት ሙሉ ቢጠፋም አትቆሚም። እነዚህም ኤሊትቡክ 840 ጂ5ም በታይፕ-ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ስለዚህ ላፕቶፕ መቻል የሚችል 65 ዋት ፓወር ባንክ ይሠራላቸዋል። ኤክሴልና ፒችትሪ ባትሪ ብዙ አይበሉም፣ 50 ዋት-ሰዓት የያዘ ደህና ባትሪ ሦስት አራት ሰዓት ያሠራሻል።

ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል አለ፣ ኃይል ሲቀንስ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ተመልሶ ትንሽ እስኪረጋ ጠብቂ። ዲቫይደሩ ከምድጃና ከፍሪጅ ጋር አንድ ላይ አይሁን።

ባለቤትሽን በተመለከተ። አዲስ ይሻላል የሚለው በመርህ ደረጃ ልክ ነው፣ ዋስትና አለው፣ ባትሪውም ትኩስ ነው። ግን አዲስ ከሆነ ቢያንስ አይ3 12ኛ ጀነሬሽን፣ 1215ዩ የሚባለው ዓይነት፣ 8 ጂቢ ራም፣ እውነተኛ ኤስኤስዲ ይሁን። እሱ ስድስት ኮር አለው፣ ቀልድ አይደለም። ያ ደግሞ ከሴለሮኑ ዋጋ በደንብ ይበልጣል። ብሩን መጨመር ከቻላችሁ ግዙት፣ አልቃወምም፤ ራሙ የተበየደ ወይም የሚጨመር መሆኑን ብቻ ጠይቁ። በያዛችሁት ብር ብቻ ከሆነ ግን ምርጫው በደካማ አዲስና በጠንካራ ዩዝድ መካከል ነው፣ እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

አሮጌውንም አትጣዪው። ያዘገመው በዋናነት ሃርድ ዲስኩ ነው፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረው ሳህን። ባትሪው ወጥቶ፣ ሃርዱ በ256 ጂቢ ኤስኤስዲ ተቀይሮ፣ 4 ጂቢ ራም ቢጨመርበት ሌላ ማሽን ነው የሚመስልሽ። ብሩ ካልሞላልሽም ለጊዜው ይሄን ብቻ አድርገሽ መቆየት ትችያለሽ፣ አንድ ዓመት እንኳን ይገፋል። ያለ ባትሪ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ግን ያው ነው። ልጅ ካለሽ ለትምህርት ይሆነዋል። የወጣውን ሃርድ ዲስክ አትሽጪ፣ የደንበኞችሽ ሂሳብ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የዩኤስቢ ቤት ገዝተሽለት መጠባበቂያ አድርጊው።

ፒችትሪውን ስታዛውሪ ፎልደር ኮፒ አድርገሽ አትለጥፊ። ከራሱ ከፒችትሪ ባክአፕ አውጪ፣ ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻ፣ አንዱን ኮፒ ፍላሽ ላይ አንዱን ኢሜይልሽ ላይ። አዲሱ ማሽን ላይ የሚጫነው ፒችትሪ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም ከፍ ያለ ቨርዥን ይሁን፤ በአዲስ ቨርዥን የወጣ ባክአፕ በድሮው አይከፈትም። ከመለስሽው በኋላ የሁለቱንም ማሽን ትራያል ባላንስ አውጥተሽ ጎን ለጎን አስተያዪ። አንድ ወር ሁለቱም ይኑሩ። ይህን ሁሉ ደግሞ ከሰኔ በፊት ጨርሺው፣ ሐምሌ የሂሳብ መዝጊያ ነው፣ ያኔ ማሽን አይቀየርም።